የሠላሳ ስምንት ዶላሩ ባልዲ

ለባንካችን የገንዘብ ወንጀል መከላከያ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ስምንተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ለሽልማቴ ምስጋና ማቅረብን፣ እግረ መንገድም አንድ ባልዲን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብዎ ድኖ፣ የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ባለፈው ወር የተለወጠልዎ ወንበርም ተመችቶዎት ያገኝዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ወንጀለኛ ያድናል ተብሎ በብዙ ወጪ ለተገዛው አዲሱ ኮምፒውተር ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከእርስዎ አራት ፎቅ ዝቅ ብዬ፣ በውጭ ንግድ ሰነድ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ የምቀመጠው መርማሪ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ እንደመሆኔ ስሜን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ባያውቁትም ሠራተኛው ሁሉ አባ ማስመሪያ እያለ ሲጠራኝ ሰምተው ይሆናል።

ጉዳዬን በአደባባይ በመጻፌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በውስጥ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስቱንም ጊዜ ‹‹ደርሶናል፤ እየታየ ነው›› የሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ ስለሰጡኝ፣ አራተኛውን ሌላ ሰውም አብሮ ቢያይልዎ ድካሙ ይቀልልዎታል ብዬ ነው። የደንበኛ ምስጢር መጠበቅ እንዳለብኝ አልዘነጋሁም፤ ስለዚህ የነጋዴውን ስም አልጠራም። ባልዲውን ግን እጠራለሁ፤ ባልዲ የባንካችን ደንበኛ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ስለ ሽልማቱ። ‹‹የዓመቱ ንቁ ዓይን›› የሚል በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ከአንድ የግድግዳ ሰዓት ጋር የፊታችን ዓርብ በአዳራሹ እንደሚሰጠኝ የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶኛል። የሚሰጠኝም በአንድ ዓመት ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት ሰነዶችን በጥርጣሬ ስላስቆምኩ መሆኑን አንብቤአለሁ። ከመቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ የምታስመጣው ሴትዮ ሰነድ ነው። ሴትዮዋ ለዶላር ወረፋ ዘጠኝ ወር ጠብቃ ተራዋ ሲደርስ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ስሟ ከአንድ ባሕር ማዶ ከሞተ ወንጀለኛ ስም ጋር ይቀራረባል ብሎ ቀይ መብራት አበራባት። እኔም ሴት መሆኗንና በሕይወት መኖሯን መታወቂያዋ ላይ እያየሁ አስቆምኳት፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት የሚያስጠይቀው ማሳለፍ እንጂ ማስቆም አይደለም። አርባ ሁለት ቀን ቆየች። የወደቡ መጋዘን ኪራይ ከጎማዎቹ ዋጋ ሲበልጥባት ዕቃዋን ትታ ሄደች። በሪፖርትዎ ላይ ይህ ‹‹የተገታ ወንጀል›› ተብሎ ተቆጥሮልኛል።

የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ለፋይል እንዲያመችዎ።

አንደኛ፤ ስለ ሥልጠናው። ባለፈው ዓመት በትልቅ ሆቴል ለሁለት ቀን ሰብስበው፣ ገንዘብ በንግድ ወረቀት ተጠቅልሎ እንዴት እንደሚሸሽ ስላስተማሩን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ እንዳስረዳን የዛሬ ወንጀለኛ ገንዘቡን በሻንጣ ተሸክሞ ድንበር አያቋርጥም። አንድ ዶላር የሚያወጣውን ዕቃ በሃያ ገዛሁ የሚል ኢንቮይስ ያቀርባል፤ ባንኩ ሃያውን ዶላር ለውጭው ሻጭ ይልክለታል፤ ሻጩ ደግሞ የራሱ ሰው ስለሆነ አሥራ ዘጠኙ እዚያው ይቀመጥለታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው አለን፤ ዋጋው ከገበያው ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቁ። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው። እርስዎም በመዝጊያው ንግግርዎ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ብለው አስጨበጨቡን። ምሳውም ጥሩ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅጹና ስለ መመሪያው። የጥርጣሬ ማሳወቂያ ቅጹ አሥራ አንድ ሣጥን አለው። የደንበኛው ማዕረግ የሚጻፍበት ሰፊ ነው፤ የተጠረጠረበት ምክንያት የሚጻፍበት ግን ሁለት ጣት ብቻ ስለሆነ፣ ምክንያቱ የረዘመበት ሠራተኛ ጥርጣሬውን ቢተው ይቀለዋል። ቅጹ ወደ እርስዎ ከመድረሱ በፊት የደንበኛ ግንኙነት ኃላፊው እንዲፈርሙበት መደረጉም ብልህነት ነው፤ ቦነሳቸው የሚታሰበው ያው ደንበኛ በሚያመጣው ሥራ ስለሆነ ከእሳቸው በላይ የሚጠነቀቅለት ከየት ይገኛል። በዚያው ሰሞን ባስፈረሙን የስጦታ መመሪያም ኮርቻለሁ። ከደንበኛ እጅ ከሃያ ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ ተቀብሎ በሦስት ቀን ውስጥ ያላሳወቀ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ኃላፊም ቢሆን፣ ከሥራ ይሰናበታል ይላል። የፈረምነው ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከሁላችንም ፊርማ የእርስዎ ያምራል።

ሦስተኛ፤ ስለ ማስመሪያዬ። ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩት ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ የእንጨት ማስመሪያ ሰጥተውኝ ከማነበው መስመር ሥር እያስቀመጥኩ እንድሠራ አስለመዱኝ። ማስመሪያው የታችኛውን ስለሚሸፍን ዓይን አይዘልም። ኤልሲውን፣ ማለትም ባንካችን ለውጭው ሻጭ እከፍላለሁ ብሎ የገባውን ቃል፣ አንድ መስመር አነባለሁ፤ ከኢንቮይሱም አንድ መስመር አነባለሁ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ዝቅ እላለሁ። ባንክ ወረቀት እንጂ ዕቃ አያይም ይሉኝ ነበር፤ እኔም ከእኔ በኋላ ለመጡት ሁሉ ይህንኑ ሳስተምር ኖሬአለሁ። የማስመሪያ ጠባዩ ግን ከመስመሩ ሌላ ምንም አለማሳየቱ ነው።

በዚህ ማስመሪያ የባልዲ ነጋዴውን ሰነድ ስድስት ዓመት ሙሉ አሳልፌአለሁ። ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ሰማያዊ፣ የሽቦ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ አንዱ በሠላሳ ስምንት ዶላር። በኤልሲው ሠላሳ ስምንት፣ በኢንቮይሱም ሠላሳ ስምንት፤ ብዛቱ ልክ፣ ቀኑ ልክ፣ ማኅተሙ ልክ። በኢንቮይሱ ራስጌ የተጻፈው የውጭው ሻጭ ስልክና በግርጌው የተጻፈው የገዢው ስልክ አንድ ቁጥር ነበር። ይህን በሁለተኛው ዓመት አይቼዋለሁ። አይቼም ማስመሪያዬን ወደሚቀጥለው መስመር ዝቅ አደረግሁ። የጎማዋ ሴትዮ ዘጠኝ ወር ተሰልፋ የጠበቀችው ዶላር በዚያን ጊዜ የት እንደነበር ዛሬ ሳስበው መቀመጫዬ ይቆረቁረኛል፤ ባልዲ ውስጥ ነበር።

ነጋዴው ደግሞ ደግ ሰው ነው። በየበጀት ዓመቱ መዝጊያ ለክፍላችን ሠራተኞች ከዚያው ባልዲ አንድ አንድ ይልክልናል፤ ለእርስዎ ሁለት ሁለት። የመጨረሻዎቹ የመጡት የስጦታ መመሪያውን ከፈረምን በሁለተኛው ወር ነው፤ ሾፌርዎ የእርስዎን ሁለቱን ሲጭን የመኪናውን በር የያዝኩለት እኔ ነኝ። የእኔ ባለቤት ልብስ ታጥብበታለች። የሁሉም እጀታ ሦስት ወር ሳይሞላው ስለሚነቀል በገመድ ታስረዋለች፤ ይህ ሰው ባልዲ ያስመጣል ወይስ ገመድ ያስሸጣል ትለኛለች። እኔ ቤቴ ስድስት ባልዲ ደርድሬ ዋጋውን አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል።

አራተኛ፤ ስለ ወይዘሪት ለምን። ከፊት ለፊቴ ትቀመጥ የነበረችው ወጣት መርማሪ ወደ ክፍላችን ከመጣች አሥራ አራተኛ ወሯ ነበር። ነገሩን ሁሉ ለምን እያለች ስለምትጠይቅ ክፍሉ ወይዘሪት ለምን ብሎ ሰየማት። እኔን ጋሼ ትለኛለች፤ ከእኔም አይታ የራሷን ማስመሪያ ገዝታለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወጣችና፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቤት ዕቃ ሱቅ ያንኑ ሰማያዊ ባልዲ፣ ያንኑ የፋብሪካ ምልክት ያለበትን፣ ገዝታ መጥታ ከነደረሰኙ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የተገዛበት ሲመነዘር ሁለት ዶላር ተኩል ነበር። ሰውየው በሠላሳ ስምንት እየገዛ በሁለት ተኩል የሚሸጥልን ለነፍሱ ብሎ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ሳቅ ግን ከሁሉም ቀድሞ አለቀ።

ጥርጣሬዋን በቅጹ ላይ ሞላች። ሁለት ጣቱ ቦታ ስላልበቃት ደረሰኙን በስቴፕለር አያያዘችበት። ቅጹ የሁለተኛ መርማሪ አስተያየት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መርማሪ እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹‹ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ የቀረበው ጥያቄ ከመርማሪዋ የሥራ ድርሻ ውጭ ነው።›› ፊርማዬንም አኖርኩ፤ ከእርስዎ ፊርማ ባያምርም ይነበባል።

እርስዎ በዚህች አንድ መስመር ያሳዩት ቅልጥፍና የሚደነቅ ነው። የነጋዴው ክፍያ በማግስቱ ወጣ። እሷ በሳምንቱ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረች። በወሩ ‹‹የደንበኛን ዕቃ ዋጋ ከባንኩ ውጭ በማጣራት ምስጢር አባክናለች›› የሚል ክስ ተሰጣት፤ ሁለተኛው ክስ ደግሞ ‹‹የቢሮ መገልገያ ያልሆነ ዕቃ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ማኖር›› ይላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያን ዕለት አብረውን የሳቁት ባልደረቦች ባልዲው የሥራ ጸጥታቸውን እንደረበሸ ፈርመዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ይቀመጣል። ከተባረረች የስንብት ደብዳቤዋ ለየባንኩ ስለሚላክ ከእንግዲህ በዚህ ሙያ የሚቀጥራት አይኖርም። ዋናው ማስረጃ የእኔ መስመር ነው። ሐሙስ እሷ በእኔ ቃል ትባረራለች፤ ዓርብ እኔ ንቁ ዓይን ተብዬ ይጨበጨብልኛል። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው አዳራሽ ሁለት ጊዜ ላለማስጠረግ ማሰቡ ይሆናል።

ምስክር ስለሆንኩ ለኮሚቴው የተዘጋጀውን ፋይል እንዳነበው ተሰጥቶኝ ነበር። ቅጿ አለ፤ አስተያየቴ አለ፤ ደረሰኙ ግን የለም። በነበረበት ቦታ ሁለት ትንንሽ የስቴፕለር ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ማን እንደነቀለው አላውቅም፤ አላየሁም፤ ባለማየት ረገድ ያለኝን ልምድ እርስዎም ያውቃሉ።

አምስተኛውን ምስጋና ለእርስዎ ብዬ ጀምሬው ነበር፤ እየጻፍኩት ግን ወደ ራሴ ዞረብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የወይዘሪት ለምን እናት በጥበቃው በኩል አስጠሩኝ። ከበሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ የልጃቸውን የምረቃ ፎቶግራፍ በፌስታል ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸው ማታ ማታ የእኔን አነባበብ በማስመሪያ ትለማመድ እንደነበር፣ ስለ እኔም ስታወራ አስተማሪዬ እንደምትል ነገሩኝ። ምን እንዳጠፋች ስላልገባቸው፣ አጥፍታ ከሆነ እንደ አባት እንድቆጣት ለመኑኝ፤ ሐሙስ እኔ እዚያ ካለሁ እንደማትጎዳ እርግጠኛ ስለሆኑ እንቅልፍ እንደተኙም ነገሩኝ። እኔ አይዞዎት አልኳቸው። ሊፍቱ ውስጥ መስታወት ስላለ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንደ እኔ ላለው ሰው መሆኑን በየደረጃው አሰብኩት።

ክቡር ሆይ፣ ያን መስመር ከመጻፌ በፊት ነጋዴው ጉቦ ሰጥቶኝ፣ ወይም እርስዎ ደውለው አስፈራርተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ማንም አልደወለልኝም። ማንም ሳያዘኝ ጻፍኩት። ለባለቤቴ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ስለቀረው ፈርቼ ነው ብያታለሁ፤ ይህም እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። እኔ ስድስት ዓመት በማስመሪያ የሸፈንኩትን እሷ በአንድ የምሳ ሰዓት ስለገለጠችው አፈርኩ፤ አፍሬም ተናደድኩ፤ እፍረቴንም በእሷ ስም ላይ ጻፍኩት። ይህን በማንም ላሳብብ አልችልም፤ በእርስዎም ቢሆን፤ ምንም እንኳ ቢቻል ደስ ይለኝ የነበረ ቢሆንም።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ ወደዚያ ሱቅ ገባሁ። ሰማያዊውን ባልዲ ስጠይቅ ባለሱቁ ሽማግሌ መሆኔን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ አባባ ይቅርብዎት፣ ይሄ እጀታው አይቆይም፣ ይልቅ አረንጓዴው ይሻልዎታል ብሎ መከረኝ። ሰማያዊው ከቤቱ ሁሉ ርካሹ እንደሆነም ነገረኝ። እኔ ግን ሰማያዊውን ገዝቼ ደረሰኝ አስቆረጥኩ። ሙሉ ምርመራው መንገድ መሻገሩን ጨምሮ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሆቴልም፣ ኮምፒውተርም፣ አሥራ አንድ ሣጥን ያለው ቅጽም አላስፈለገውም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አሳውቃለሁ። በቅጹ ላይ ያሰፈርኩትን አስተያየት ሰርዣለሁ። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ይነበብ፦ ‹‹ዋጋው ሐሰት ነው። መርማሪዋ ትክክል ናት። ሁለተኛው መርማሪ ስድስት ዓመት አይቶ እንዳላየ አልፏል።›› ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ፤ ካልተፈቀደልኝም በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባውም ለሚወጣውም እናገራለሁ። ጡረታዬ የሚቀር ከሆነ ይቅር፤ ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ ባልዲ እንደሆነ አለን ብላኛለች።

ዓርብ ግን አልመጣም። የምስክር ወረቀቱን ለአዲሱ ኮምፒውተር ይስጡልኝ፤ ቀይ መብራቱን ያበራው እሱ ነውና ይገባዋል። የግድግዳ ሰዓቱን ምድር ቤት መዝገብ ቤት እንዲያሰቅሉልኝ እለምናለሁ። እዚያ ሰዓት ስለሌለ ወይዘሪት ለምን የምሳ ሰዓቷ መድረሱን አታውቅም፤ ባንካችን ደግሞ በዚህ ዓመት አንድ እውነተኛ ሥራ የተሠራለት በእሷ የምሳ ሰዓት ነው። የጎማዋን ሴትዮ አድራሻ ከፋይሏ ገልብጬ ይዣለሁ፤ ሄጄ ምን እንደምላት ግን እስካሁን አላውቅም።

የጤናዎን፣ የወንበርዎንና የፎቅዎን ዕድሜ የሚመኝ፣ ስላስተማሩት የሚያመሰግን፣ ስላልሰማዎ የሚጸጸት፣

አባ ማስመሪያ
የውጭ ንግድ ሰነድ መርማሪ፣ እስከ ሐሙስ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ከሐሙስ በፊት እንዲነበብ፣ ከአዲሱ ደረሰኝ ጋር
ለወይዘሪት ለምን፣ ምድር ቤት፣ ከይቅርታ ጋር
ለእናቷ፣ እንደ አባት መቆጣት የሚገባኝ ማንን እንደሆነ እንዲያውቁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ የመመሪያ ጉዳይ አስጨንቆኛል። ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ የተላኩልንን ባልዲዎች፣ እኔ አንዱን፣ እርስዎ ሁለቱን፣ ለማንም አላሳወቅንም። አንዱ ባልዲ እኔ ያሳለፍኩት፣ እርስዎም ያስከፈሉት ኢንቮይስ እንደሚለው ሠላሳ ስምንት ዶላር የሚያወጣ ከሆነ፣ ከሃያ ዶላር በላይ ነውና እኔም እርስዎም በየራሳችን ፊርማ ከሥራ ተሰናብተናል። ሁለት ተኩል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ስጦታችን ንጹሕ ነው፤ ወይዘሪት ለምን ግን ትክክል ናት። ሌላ ዋጋ ፈልጌ አጣሁ። ሐሙስ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት የትኛውን እንደመረጡ ቢያሳውቁኝ፤ እኔ የራሴን ባልዲ ከነገመዱ አንጠልጥዬ እመጣለሁ።